ብልቃጡና ግፊት መለኪያው

ለእርግዝና ክትትል የሚመጡ እናቶች ከቀጠሮ ካርዳቸው ጋር የቫይታሚን ብልቃጥ ይዘው ብቅ ማለታቸው እየተለመደ ነው። እህት ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የላከችው ነው፤ ሲ እና ኢ። «ሲስተር፣ ለግፊት ጥሩ ነው ብላኛለች፤ ልውሰደው?» ይሉኛል። እህትየው ከመሬት ተነስታ አላለችውም። በአንድ ወቅት ትልልቅ ሐኪሞችም ተስፋ ያደረጉበት ነገር ነው።

በደህናው እርግዝና የእንግዴ ልጁ ሴሎች ወደ ማህፀን ግድግዳ ዘልቀው ጠመዝማዛዎቹን ደም ስሮች ያሰፏቸዋል። ፕሪኤክላምፕሲያ በምንለው የእርግዝና ግፊት፣ በተለይ ቀድሞ በሚጀምረው ዓይነት፣ ይህ ሥራ ሳያልቅ ይቀራል። ስሮቹ እንደጠበቡ ስለሚቆዩ ደሙ እየተቆራረጠ ይደርሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ መጥፋቱ አንድ ችግር ሆኖ፣ ሲመለስ ደግሞ ቧንቧውን እያንቀጠቀጠ ዝገቱን ይዞ ይመጣል። ኦክስጅንም ጠፍቶ ሲመለስ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ሞለኪውሎች ይበዛሉ፤ የሰውነት መከላከያ ሲያቅተው ኦክሲደቲቭ ስትረስ ይባላል። ደም ስርን የሚያላላው ናይትሪክ ኦክሳይድ ይመናመናል፤ የተጎዳው እንግዴ ልጅም የደም ስሮችን ውስጠኛ ሽፋን የሚያውኩ ፕሮቲኖችን ወደ እናቲቱ ደም ይለቃል። ግፊቱ ይወጣል፣ ኩላሊቷ ፕሮቲን ያፈሳል።

ታዲያ እነዚህን ጎጂ ሞለኪውሎች የሚያመክን አንቲኦክሲደንት፣ ማለትም ቫይታሚን ሲ እና ኢ፣ ቢሰጥስ? እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ ለችግሩ ተጋላጭ በሆኑ 283 ሴቶች ላይ ተሞክሮ ቫይታሚኖቹን ከወሰዱት 8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 17 በመቶ ታመሙ። ደስ የሚል ውጤት ነበር። በ2006 እዚያው እንግሊዝ 2,400 ያህል ሴቶች ላይ ሲደገም ግን ልዩነቱ ጠፋ፤ ይባስ ብሎ ቫይታሚን በወሰዱት ዘንድ ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት በዙ። በ2010 አሜሪካ ውስጥ 10,000 ገደማ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናትም ጥቅም አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ሁለቱን ቫይታሚኖች ለዚህ ዓላማ እንደማይመክር ገለጸ። ተጋላጭ ለሆነች እናት በሐኪም ትእዛዝ ከ20ኛው ሳምንት በፊት የሚጀመር አነስተኛ አስፕሪን፣ ካልሲየም ከምግብ በቂ ለማይገኝበት ሕዝብ ደግሞ ካልሲየም ግን ይመከራሉ። ስለ ጉዳቱ አካሄድ የተጻፈው አሁንም ትክክል ይመስለኛል፤ ክኒኑ ነው ያልደረሰበት።

ስለዚህ ብልቃጡን ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ወደ ክንዷ እመለሳለሁ። የእኔ ሙያ እዚያ ነው። ዳገት ወጥታ የመጣችን ሴት ወዲያው መለካት ከንቱ ልፋት ነው፤ አምስት ደቂቃ ትረፍ፣ ሽንቷን ሸንታ ትምጣ፣ ጀርባዋን ትደገፍ፣ እግሯን መሬት ታሳርፍ። ክንዷ በልቧ ትክክል ይሁን። ሹራቡ ይውለቅ እንጂ ወደ ላይ አይጠቅለል፤ የተጠቀለለው እጅጌ ራሱ ክንዷን ያስራል። ለወፍራም ክንድ ጠባብ መጠቅለያ ከተጠቀምን ግፊቱ ያለ አግባብ ከፍ ብሎ ይነበባል። አየሩን በዝግታ ነው የምለቀው፤ በዚያ መሃል ወሬ የለም፣ አማትም ብትሆን ትጠብቅ።

ካርድ ሳገላብጥ የሚያናድደኝ ዜሮ ነው። 120/80፣ 110/70፣ 120/80… የሰው ልጅ ግፊት ሁልጊዜ በዜሮ አያልቅም። 138/88ን 130/80 ብሎ የጻፈ እጅ 140/90 ከመድረሷ በፊት ሊያነቃን የሚችለውን ምልክት ሰርዞታል። 160/110 ከሆነ ደግሞ ማሰላሰያ ጊዜ የለም፤ ግፊት ማውረጃና መንቀጥቀጥን የሚከላከለው ማግኒዥየም ሰልፌት ያስፈልጋል። ማግኒዥየም ግን ሲበዛ ትንፋሽ ስለሚያቆም ከእያንዳንዱ ተጨማሪ መርፌ በፊት ጉልበቷን በመዶሻ መታ አድርጌ እግሯ መወርወሩን አያለሁ፣ አተነፋፈሷን እቆጥራለሁ፣ ሽንቷን እለካለሁ። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገቤ ይኖራል።

እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ሁሉም እፎይ ይላል። ግፊቱ ግን ብዙ ጊዜ ጣሪያ የሚነካው ከወለደች ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ አራስ ደግሞ ከቤት አትወጣም። ራሷን ሲያማት «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽላታል። ስለዚህ ከእኛ ዘንድ ስትወጣ የማነጋግረው የምታርሳትን እናቷን ነው። «እማማ፣ ዳማከሴውን አልከለክልም፤ ራሷን ካመማት፣ ዓይኗ ብዥ ካለባት ወይም ልቧ ሥር ከወጋት ግን መጀመሪያ ወደ እኔ ያምጧት፤ ሌሊትም ቢሆን።»