ተነሺውና አንሺው

ማስተማር ከተውኩ ቆየሁ፤ ከቃላት ጋር መጨቃጨቁ ግን አልለቀቀኝም። ሰሞኑን የያዘኝ «የልማት ተነሺ» የሚለው ነው። እስቲ ረጋ ብላችሁ አድምጡት። ተነሺ ማለት በራሱ ጊዜ ብድግ ያለ ሰው ነው፤ ከመቀመጫው የተነሳ፣ ከእንቅልፉ የተነሳ፣ ለመንገድ የተነሳ። የአዲስ አበባ ዙሪያ ገበሬ ግን መች ተነሳ? አነሱት እንጂ! ተነሺ ካለ አንሺ መኖር አለበት። አንሺው ግን ከዓረፍተ ነገሩ ሹልክ ብሎ ወጥቷል።

የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ስንል ዛሬ ለአብዛኞቻችን የታክሲ መዳረሻና የኮንዶሚኒየም ስም ነው። ሩቅ ባልሆነ ጊዜ ግን እህል የሚዘራበት፣ ከብት የሚሰማራበት፣ ግማሹ ገጠር ግማሹ ከተማ የሆነ አገር ነበር። ስሙን አስቀረን፤ ባለስሙን አነሳን።

ዝም ብሎ ተነሳ እንዳትሉኝ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን አንድ ላይ ሊያቅድ የተነሳው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. የተማሪዎች ተቃውሞ ገጠመው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሳው ደግሞ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ ስንት ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ ተሰረዘ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ሲወጣም፣ የኮዬ ፈጬ ነገር ሰውን እንደገና አደባባይ አወጣው።

ይህን ሁሉ እንዴት አነበብነው? መንግሥት በጊዜው የፀረ ሰላም ኃይሎች ሥራ ነው አለ። የከተማው ምሁር ደግሞ የብሔርና የወሰን ጉዳይ ነው ብሎ ዘጋው። የወሰኑ ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ አልክድም። ከሥሩ ግን ማንም አባወራ የሚጠይቀው ተራ ጥያቄ አለ፦ ከብቶቼ የት ውኃ ይጠጣሉ? ልጄ ምን ሠርቶ ይበላል? ስሞት ማን ይቀብረኛል? ይህን ጥያቄ ማንም ቁጭ ብሎ አላነበበውም።

ለምን እንዳልተነበበ ለማወቅ ሕጉን እንደ ድርሰት ማየት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43፣ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ግን ለገበሬው የከፈተለት የአቤቱታ በር የካሳው መጠን ብቻ ነበር። ለዚያውም ይግባኝ ሲል መሬቱን ማስረከቡን የሚያሳይ ማስረጃ ካላያያዘ አይታይለትም። በቃ፣ «መጀመሪያ አስረክብ፣ ከዚያ አቤት በል» ነው። አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲሉ የሚወቅሱት የዘገየውን ነው። እኛ ዘንድ ግን ዘግይቶ መጮህ በአዋጅ ተደነገገ!

በዚያው ሕግ መሬቱን ለዘለቄታው ያጣ ገበሬ ካሳው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን አሻሻለው፦ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ያላገኘ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 እንዲባዛለት፣ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም እንዲከፈለው፣ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲወያይ ደነገገ። ደግ አደረገ። ነገር ግን ውይይቱ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት ነው፤ «እዚህ ይሁን ወይስ እዚያ?» የሚለው አልተጻፈም። ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት ራሱ እንዲያለማ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ አቅም ካለው። ሁለት በሬ ያለው ሰው የአራት ፎቅ አቅም ከየት ያመጣል?

እኔ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጠዋት ጠዋት ወተት የሚያመጡልን አንዲት እናት አሉ። ሕንፃችን የቆመበትን ቦታ ግጦሽ ሆኖ ያውቁታል። አንድ ቀን ስለ ካሳው አንስቼባቸው ብሩን እንደ ዋዛ አለፉት። የነገሩኝ ሌላ ነው፦ የዕድሩ ሰው በየምትክ ቦታው ተበትኖ፣ ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ ግድ ሆኖባቸዋል። ይህን በስንት ታባዙታላችሁ?

ቤት አይሠራ የሚል ግን እኔን አጋር አያድርገኝ። በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቦ ከአሥር ዓመት በላይ ዕጣ የጠበቀ፣ ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ፍራሹን ተሸክሞ የዞረ ስንት ሰው አለ! በተቃዋሚው መሐል ተደብቆ ካሳ ለመብላት ሌሊቱን ጭቃ ቤት የሚያቆም ብልጣብልጥም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ተከራዩንና ገበሬውን ያጋጨው ቤቱ አይደለም። ሁለቱም ሳይጠየቁ ወረቀት ላይ የተሠመረው መሥመር ነው። አንዱ ዕጣ፣ ሌላው ካሳ ተሰጠውና እርስ በርስ እንዲተያዩ ተተዉ።

ተማሪዎቼን ረቂቅ የሚታረመው ከመታተሙ በፊት ነው እላቸው ነበር። ፕላንም ረቂቅ ነው። ካርታውን የመንደሩ ሰው በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ዛፍ ሥር ይየው፤ መቃብሩን፣ ቤተ እምነቱን፣ ምንጩን ያመልክት። ከሚሠራው ቤት የመጀመሪያው የነባሩ ሰው ይሁን፤ ዕድሩም አብሮት ይስፈር። «እዚህስ አይሆንም» ሲልም ቢያንስ ለምን እንደሆነ ይጻፍለት፤ መልስም ይሰጠው። ይህ ጊዜ ይፈጃል የምትሉ፣ ከ2006 እስከ 2011 ዓ.ም. የፈጀውን ቁጠሩት።

እስከዚያው «ተነሺ» የሚል ደብዳቤ ባያችሁ ቁጥር፣ አንሺው ማነው? ብላችሁ ጠይቁልኝ።