አንድ ተዋናይ በሁለት ካሜራ

ዓለም ከተማ ካርልሃይንዝ በምን የሚያውቀው በ«ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት መሥራችነቱ ነው። ሐያሲ ግን ተዋናይነቱንም መመርመር ይገባዋል። በኦስትሪያው የፍቅር ፊልም በ«ሲሲ» (1955 እ.ኤ.አ.) ወጣቱን ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ ይጫወታል፤ ተመልካችም ያለ ጥያቄ ይወደዋል። በማይክል ፓወል የእንግሊዝ ፊልም በ«ፒፒንግ ቶም» (1960 እ.ኤ.አ.) ግን ሴቶችን እየገደለ የፍርሃት ፊታቸውን የሚቀርጽ ካሜራ አንሺ ነው። የዘመኑ ሐያስያን ፊልሙን አወገዙት፤ ኋላ ግን ከታላላቆቹ ተቆጠረ። በእኔ እምነት ያስቆጣቸው ግድያው ብቻ አይደለም፤ በሰው ጭንቅ የሚደሰተው ዐይን የተመልካቹም መሆኑን ማሳየቱ ነው። ረሀባችን ደጋግሞ ለተቀረጸብን ለእኛ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ይሁንና በም ራሱ በ1981 እ.ኤ.አ. ለተራቡ አፍሪካውያን ርዳታ የጠየቀው በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ነበር። ስለዚህ ሒሳችን የፊልሙን አገርና ዘውግ ከመለየት አልፎ፣ ካሜራው ሰውን በምን ዐይን አየው ብሎ ይጠይቅ።