የእንጨት ፈረስ ሲመረጥ መጀመሪያ እግሩ ይታያል

በእጅ የተሠራ የእንጨት መጫወቻ ከፋብሪካ ፕላስቲክ የሚበልጠው በሁለት ነገር ነው። ቁሱ ከዛፍ የተገኘ ስለሆነ ሲያረጅ አፈር ይሆናል፤ ቅርጹም ሁሉን ነገር ስለማይናገር የቀረውን ልጁ በሐሳቡ ይሞላዋል። እነዚህ ሁለቱ የሌሉበት ዕቃ «በእጅ የተሠራ» መባሉ ዋጋ ከማስወደድ በቀር ፋይዳ የለውም። በባዛሩና በስጦታ ዕቃ መደብሩ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ገዢው ፈረሱን አንስቶ ፊቱን ያያል፣ ጋማውን ይዳብሳል፣ ቅንድቡን ሳይቀር አድንቆ ይከፍላል። ሻጩ አድናቆቱን ለሠሪው፣ ሠሪውም ለተለማማጁ ያደርሳል፤ ቀጣዩ ፈረስ ጋማው የባሰ አምሮ ይመጣል። እግሩን ገልብጦ ያየ የለም። እንዲህ የተገዛ ፈረስ ብዙ ሳይቆይ በሦስት እግሩ ይቀራል፤ ጥፋተኛ የሚባለውም ልጁ ነው።

መሠረታዊው ነገር በአጭሩ ያልቃል። ስንጥር ያለው፣ ጠርዙ ያልተለዘበ፣ ምስማሩ የሚታይ፣ ቀለሙ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ የሚለቅ መጫወቻ ለልጅ አይሰጥም። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጉሮሮ የሚዘጋ ትንሽ ክፍል ያለው ዕቃ አይገዛም፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ለዚህ የሚያገለግለው መለኪያ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሊንደር ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ የሚገባበት ማንኛውም ቁራጭ ለዚህ ዕድሜ የተከለከለ ነው። ሠሪው የተቀባው ቀለም ምን እንደሆነ መናገር ካልቻለ ዕቃው ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ላይ ክርክር የለም።

ስለ እንጨቱ ዓይነትም ብዙ ማለት አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ዋንዛ ለመጫወቻ የሚመች እንጨት ነው፤ ለመሮና ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ቀለሙም ያለ ቅብ ያምራል። ወይራ ጠንካራና ከባድ ስለሆነ ለትናንሽ ቅርጾች ይመረጣል። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሆኖም ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ አዋጅ ቁጥር 94/1986 ከልክሎ ነበር። ስለዚህ «ለተፈጥሮ ተስማሚ» የሚል ወረቀት የለጠፈ ሻጭ እንጨቱ ከየት እንደመጣ መልስ ሊኖረው ይገባል። ተቀባይነት ያላቸው መልሶች ሁለት ናቸው፤ ከቤት ዕቃ ሥራ የተረፈ ቁራጭ፣ ወይም ገበሬ በማሳው ላይ ካሳደገው ዛፍ የተገዛ። ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ የሻጭ ወሬ ነው።

ዋናው ጉዳይ ከዚህ ይጀምራል፤ የእንጨቱ ጅማት በእግሩ ውስጥ ወዴት ይሄዳል? ግንድ ማለት ከሥር ወደ ላይ የተዘረጉ የረጃጅም ቃጫዎች ጥቅል ነው። እንጨት በቃጫው ርዝመት ሲሳብ ያለው ጥንካሬ ቃጫው በጎን ሲሳብ ካለው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። ገበሬ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል። ጅማቱ ወደ ጎን የሚያልፍ የመጥረቢያ እጀታ አይጠርብም፣ እንዲህ ያለ ዘነዘናም ሆነ ዱላ ቤቱ አይገባም። ያው ሰው ከተማ ወርዶ ለልጁ ፈረስ ሲገዛ ግን ዓይኑን ጋማው ላይ ይተክላል።

ጉድለቱ የሚፈጠረው በችኮላ ነው። ሠሪው ረጅም ጣውላ ያነሳል፤ ፈረስም ከቁመቱ ርዝመቱ ስለሚበልጥ በጣውላው ርዝመት ይስለውና በመጋዝ ያወጣዋል። እንዲህ ሲሆን የጅማቱ ጥንካሬ ሁሉ ወደ ሆዱና ወደ ጀርባው ይሄዳል፤ እነሱ ደግሞ ወፍራም ስለሆኑ አያስፈልጋቸውም። አራቱ እግሮች ግን ጅማታቸው ከፊት ወደ ኋላ ይሆናል። እያንዳንዱ እግር የተነባበሩ አጫጭር ቃጫዎች ቁልል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ምንም አይሆንም። ልጅ ሲያስጋልበው፣ ከአልጋ ሲያዘልለው፣ ከሌላ ፈረስ ጋር ሲያጋጨው ከጭኑ ሥር ይለያል። የስብራቱ ገጽ ይመሰክራል፤ በጅማቱ ርዝመት የቆመ እግር ቢሰበር እንኳ ስንጥሩ እየተንጨፈረረ በግድ ነው፣ ጅማቱ ወደ ጎን የሆነ እግር ግን ልሙጥ ሆኖ ይለያል። ልሙጥ ስብራት ያየ ሰው ጥፋቱ የሠሪው መሆኑን ይወቅ።

ትክክለኛው አሠራር ጅማቱ ከጭን እስከ ሰኮና ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ፈረሱን በጣውላው ላይ አቁሞ መሳል ነው። ይህ ዋጋ አለው። የፈረሱ ርዝመት ከጣውላው ስፋት ሊበልጥ ስለማይችል ሰፊ ጣውላ ይፈልጋል፣ ብክነቱም ይበዛል። ስስታሙ ሠሪ የሚሸሸው ይህን ነው። ያልሸሸው ሠሪ ደግሞ አጠር፣ ደልደል ያለ፣ እግረ ወፍራም ፈረስ ያወጣል። ያላወቀ ገዢ «ይሄማ ፈረስ አይመስልም» ብሎ ያልፈዋል። ሊገዛ የሚገባው ግን እሱ ነው።

ምርመራው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። መጫወቻው ይገለበጥና የሰኮናው ሥር ይታያል። ጅማቱ ቁልቁል ከሆነ ሰኮናው ሥር የሚታየው የቃጫዎቹ ጫፍ ነው፤ ጥቃቅን ነጥቦች፣ አንዳንዴም የእንጨቱ የዕድሜ ቀለበት ቅስት። ረጃጅም ትይዩ መስመሮች ከታዩ ጅማቱ ወደ ጎን ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ዓይን ያልለየውን ውሃ ይለየዋል። የቃጫ ጫፍ ውሃ ቶሎ ስለሚመጥ በእርጥብ ጣት ሲነካ ወዲያው ይጠቁራል፤ የጎኑ ገጽ ግን ጠብታውን ከላዩ ያቆየዋል። ይህ የሚሠራው ሰኮናው ሥር ካልተቀባ ነው። ከዚህም አንድ ደንብ ይወጣል፤ ጥሩ ሠሪ የሰኮናውን ሥር አይቀባም። ጋማው፣ ሆዱና ሰኮናው ሥር ሳይቀር በወፍራም ቀለም የተሸፈነ ፈረስ የሚደብቀው ነገር አለው ብሎ ማለፍ ይሻላል። ከቀለሙ በታች ብዙ ጊዜ ስቱኮ አለ፤ ከስቱኮው በታች ደግሞ ገና መደብር ሳይደርስ ተሰብሮ በኮላ የተያያዘ እግር።

በዋንዛ ሥራ ያረጁ አንድ አናጺ ተለማማጅ የሚያመጣላቸውን ፈረስ ፊቱን ሳያዩ ይገለብጡት ነበር። አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው አራቱን ሰኮናዎች በየተራ ይነኩና ጥቂት ይጠብቃሉ። ያልጠቆረ ሰኮና ካገኙ ያንን እግር በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ጎን ይጫኑታል። ቀጭ ይላል። ሁለቱን ቁራጭ ለልጁ መልሰው «ለቡናው እሳት ይሆናል፤ ሌላ አምጣ» ይሉታል። ቁጣም ማብራሪያም አልነበረም። ከእሳቸው እጅ የወጡ ተለማማጆች እርሳስ ከማንሳታቸው በፊት ጣውላውን አገላብጠው ጅማቱን የሚያነቡት ከዚህ የተነሳ ነው። ዛሬ ቅርጹን ከስልክ ገልብጦ በየትኛውም ጣውላ ላይ የሚለጥፍ ተለማማጅ በዚያ ወርክሾፕ አንድ ሳምንት አይቆይም ነበር።

ይህ ጥንቃቄ የአንድ አገር ወግ ብቻ አይደለም። በጀርመን ሳክሶኒ ግዛት በቼክ ድንበር አጠገብ ያለችው ሳይፈን መንደር የማዕድን ሥራዋ ሲከስም ወደ መጫወቻ ሥራ የዞረች ናት። የመንደሯ ባለሙያዎች ከእርጥብ ስፕሩስ ግንድ ክብ ቁራጭ ይቆርጡና በቶርኖ ላይ ያስሩታል። መጀመሪያ በአንዱ ገጽ ሆዱንና እግሩን ይቦረቡራሉ፤ ከዚያ ገልብጠው ጀርባውንና ራሱን ያወጣሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚታየው የተቦረቦረ ቀለበት ብቻ ነው። ቀለበቱ በቢላ ሲፈለጥ ግን እያንዳንዱ ፍልጥ የላም ወይም የፈረስ ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ፍልጡ የሚሄደው በጅማቱ መንገድ ስለሆነ እግሩ ሁልጊዜ በግንዱ አቅጣጫ ይቆማል፤ ባለሙያው ቢሳሳት እንኳ ዘዴው አያሳስተውም። ጆሮና ቀንድ ለብቻ ተሠርተው በኋላ ይለጠፋሉ። ሥራው ሲታይ የፋብሪካ ቢመስልም ለጅማት ከሚሰጠው ክብር አንጻር አብዛኛውን «ጥበባዊ» የእጅ ቅርጽ ያስንቃል።

ሁለተኛው ምሳሌ ዴንማርካዊው ካይ ቦየሰን ነው። ከ1886 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. የኖረው ቦየሰን የሠለጠነው በብር አንጥረኛነት ሲሆን፣ በ1951 ከቲክና ከሊምባ እንጨት የሠራት ጦጣ እስከ ዛሬ ትሸጣለች። እጆቿና እግሮቿ ለየብቻ ተሠርተው በመገጣጠሚያ የተያያዙ ናቸው። በአንድ ቁራጭ እንጨት ውስጥ ጅማት በሁሉም አቅጣጫ ሊሄድ ስለማይችል፣ ወደ ተለያየ አቅጣጫ የሚዘረጋ አካል ያለው እንስሳ መሠራት ያለበት እንዲህ ነው።

ከዚህ የሚወጡት ደንቦች ግልጽ ናቸው። እግሩ ቁልቁል ጅማት ካገኘ ወደ ጎን የሚወጣው ቀንድ አያገኝም፤ ስለዚህ የበሬ ቀንድ ወይ አጭርና ወፍራም ይሁን ወይ ለብቻው ተሠርቶ ይተከል። ጅራት ከገመድ ወይም ከቆዳ ይሠራል፤ ከሰውነቱ ጋር ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ ቀጭን ጅራት የመጀመሪያውን ሳምንት አያልፍም። ቀጭኔ አንገቷም እግሯም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ለጀማሪ ትስማማለች። አዞ ተኝቶ ይሳላል፤ እግሮቹም ጉብታ ብቻ ይሁኑ። ኮምፔንሳቶ ንብርብሮቹ እየተጠላለፉ ስለተጣበቁ ቶሎ አይሰበርም፣ ነገር ግን ጠርዙ ይላጣል፣ በውስጡም ብዙ ጊዜ ፎርማልዲሃይድ ያለበት ሙጫ አለ። ለሚገጣጠም ጠፍጣፋ ሥዕል ይበቃ ይሆናል፤ ለፈረስ ግን ከጅማት ጣጣ ማምለጫ ነው።

ቅቡን በተመለከተ የተልባ ዘይትና የንብ ሰም ይበቃሉ። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ተዋህዶ የሚደርቅ ስለሆነ ቀናት ይፈልጋል፤ ሲነካ የሚያጣብቅ መጫወቻ ተቸኩሎ የመጣ ነው። በሱቅ «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው ማድረቂያ ብረታ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ልጅ አፉ ውስጥ ለሚከተው ዕቃ አይሆንም። ተለማማጅም በዘይቱ የራሰውን ጨርቅ ጠቅልሎ ጥግ መጣል የለበትም፤ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

ስለ ልጅ ሐሳብ የሚነገረው ብዙው ነገር እዚሁ ጅማት ላይ ይመለሳል። እንጨቱን ያከበረ ሠሪ ቀጭን ጆሮ፣ የተለያዩ ጣቶች፣ የሚወናጨፍ ጋማ ማውጣት አይችልም። የሚተርፈው ደፍጠጥ ያለ አፍንጫ፣ ወፍራም እግር፣ ዓይን የሌለው ፊት ነው። ልጅ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። በገጠር እረኛ ልጅ ከጭቃ የሚሠራው በሬ ቀንድና ሻኛ ብቻ አለው፤ ይህም ጠዋት ኮርማ፣ ከሰዓት ጥጃ፣ ማታ ጅብ ለመሆን ይበቃዋል። ጥርሱ ተቆጥሮ የተቀረጸና ፈገግታው የተሣለ ፈረስ ግን ሲያዝንም ሲሸሽም ይስቃል። ተቆጥቶ መጫወት ለሚፈልግ ልጅ አይታዘዝም። ሁለቱ ጉድለቶች አብረው የሚሄዱትም በአጋጣሚ አይደለም፤ ፊቱን ያስጌጠ ሠሪ እግሩን የረሳ ነው።

የዋጋው ነገር በመጨረሻ ይመጣል። ጅማቱ ቁልቁል የሆነ፣ ሰኮናው ሥር ያልተቀባ፣ እንጨቱ ከየት እንደመጣ የታወቀ ፈረስ ከጎኑ ካለው ቢወደድ ያወጣል፤ ለታናሽ ወንድምና ለእህት ይተላለፋልና። የተሰበረና የተጣለ መጫወቻ ምንም ያህል ከዛፍ ቢሠራ ያው የባከነ ዛፍ ነው። ገዢ ሲገለብጥ ያልከፋው ሻጭ ሊታመን ይችላል፤ ሰኮናው በእርጥብ ጣት እንዳይነካ የሚከለክል ሻጭ ዘንድ ግን የሚገዛ ነገር የለም።