እሾህ የደፋው ንጉሥ

«ኵርዓተ ርእሱ» በሚባለው ሥዕል ላይ ዐይን ቀድሞ የሚያርፈው የኢየሱስ ግንባር ላይ ነው። የእሾህ ጉንጉኑ ቆዳውን ተጭኖታል፤ ከሥሩ ደም ጠብ ጠብ ብሎ ወርዷል። ዐይኖቹ እንደ ሙት አልተከደኑም፣ ሙሉ በሙሉም አልተገለጡም። ዙፋን የለም፣ ሠራዊት የለም፤ ከደረት በላይ ያለ አንድ የተደበደበ ሰው ብቻ። ሆኖም ይህችን ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ቢያንስ ከዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ ነገሥታት ይዘዋት ይዘምቱ ነበር፤ መኳንንቱም የታማኝነት መሐላቸውን የሚፈጽሙት በፊቷ ነበር።

ትውፊት ወንጌላዊው ሉቃስ ሣላት ይላል። አጥኚዎች ደግሞ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ አካባቢ የፍላንደርስ ወይም የፖርቱጋል ሠዓሊ ሥራ አድርገው ይቆጥሯታል። የዚያ ዘመን ሠዓሊ የዘይት ቀለሙን አሳስቶ በስሱ እየደራረበ ይቀባ ነበር፤ አንዱ እስኪደርቅ ጠብቆ ሌላውን ያክላል። ብርሃን በስሱ ቀለም ውስጥ አልፎ ከሥር ስለሚመለስ፣ ቆዳው ሥጋና ደም ያለው ይመስላል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ አንድ የጥድፊያ ንብርብር ሁሉን ያበላሻል።

ከቀለሙ የሚበልጠው ብልሃት ግን ሠዓሊው የተወው ነገር ነው። በወንጌሉ ታሪክ ወታደሮቹ ኢየሱስን ቀይ ልብስ አልብሰው፣ የእሾህ አክሊል ደፍተውለት፣ መቃ አስይዘው፣ እየተንበረከኩ ዘበቱበት፤ በመቃውም ራሱን መቱት። ሠዓሊው ዘባቾቹን አስወጥቶ የተዘበተበትን ብቻ አስቀረ። ስለዚህ ተመልካቹ የሚቆመው ወታደሮቹ በቆሙበት ቦታ ነው። ንጉሥም ይሁን ገበሬ ከፊቱ ሲንበረከክ፣ ያ ጉልበት የሚሰግድ ይሁን የሚዘብት ራሱ መለየት አለበት።

የክርስትና እምነት ስለ መሲሑ ሥልጣን የሚያስተምረው እዚህ ሰሌዳ ላይ አለ። ሥልጣን ሁሉ በሰማይና በምድር ተሰጠኝ ያለው ከትንሣኤው በኋላ ነው፤ ግን ቁስሉን ይዞ ተነሣ እንጂ ቁስሉን ጥሎ አልተነሣም። ሌላው ንጉሥ ሥልጣኑን የሚያስከብረው ሰው እንዲሞትለት በማዘዝ ነው፤ እርሱ ግን ራሱ ሞቶ ነው። የእሾህ አክሊሉ ለውርደት ተሠርቶ የንግሥናው ምልክት ሆነ።

ይህን ለመረዳት የቋራንና የመተማን ቆላ ታሪክ ማየት ይጠቅማል። ዐፄ ኢያሱ ካልዕ በ1736 ዓ.ም. ከዚያ ቆላ ባሻገር ባለው የሱዳን ሰናር መንግሥት ላይ ሲዘምቱ ሥዕሏም አብራ ወረደች። ጦሩ በድንድር ወንዝ አካባቢ ተሸነፈ፤ ኵርዓተ ርእሱም ተማረከች፤ በኋላ ቤዛ ተከፍሎላት ወደ ጎንደር ተመለሰች። የድል ክታብ አድርጎ ለያዛት ሰው ይህ ግራ ያጋባል። ፊቷን አስተውሎ ላየ ግን አይደንቅም፤ የተያዘና የተገረፈ ንጉሥ ሥዕል ለማንም የጦር ድል ቃል አይገባም። ለሰው ሁሉ ቤዛ የሆነው ጌታ ሥዕል በቤዛ መመለሷም የዚያው ትምህርት ክፍል ሆኖ ይነበባል።

የጎንደር ሠዓሊዎች ይህ ገብቷቸው ሥዕሏን ደጋግመው ቀዷት፤ ግን በራሳቸው እጅ። የዘይቱን ቀለም ትተው በተለሰነ እንጨት ወይም ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ሣሉ። የፊቱን ዳር በጠራ ጥቁር መስመር ከበቡት። ፈረንጁ ሠዓሊ ሥጋ እንዲመስል የደከመበትን፣ የእኛው ሠዓሊ ለጸሎት እንዲሆን አረጋው። ይህ ከመቅዳት ያለፈ ነው፤ ትርጉሙን ተረድቶ እንደገና መሥራት ነው።

ዋናዋ ሥዕል ግን ከአገር ወጣች። የቋራው ተወላጅ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆምስ ወስዶ ለራሱ አስቀራት። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ እንዲመለሱ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። መጽሐፉ መጣ፤ ሥዕሏ አልተገኘችም ተባለ። ንጉሡ መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ፤ የድንበሯ ከተማ መተማ ዮሐንስ ዛሬም በስማቸው ትጠራለች። ሥዕሏ በ1917 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለጨረታ ቀረበች፤ ኋላም ፖርቱጋል ውስጥ በግለሰብ እጅ ገባች።

መመለስ ይገባታል። በመሐላና በቤዛ የእኛ የሆነች ሥዕል ናት። እስከዚያው ግን የጎንደር ሠዓሊዎች የተዉልን ቅጂዎች አሉ። በፊታቸው የሚቆም ሁሉ፣ በተለይ በሌላው ላይ የሚያዝ ሰው፣ ሥልጣኑን ለመያዝ ምን ያህል ሰው እንዳቆሰለ ሳይሆን ስለ ሌላው ምን ያህል እንደቆሰለ ይጠየቃል። የሠዓሊው እጅ የተጠበበው ይህን ጥያቄ ማምለጥ እንዳንችል ነው።