«ነጠላ» እና «ድርብ» ትክክለኛነት፤ በአንድ የኮምፒዩተር ኬሚስትሪ ጥራዝ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ሰሞኑን በአምስት ኪሎ ከሚገኙት የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንደኛው ተባዝቶ በተማሪዎች እጅ የሚዘዋወር፣ የአዘጋጁ ስም ያልተጻፈበት አንድ ትንሽ ጥራዝ ደርሶናል። ዓላማው በተራ ገበያ የሚሸጥ፣ ለኮምፒዩተር ጨዋታ ተብሎ የተሠራ የግራፊክስ ካርድ ለሞለኪውሎች ጥናት እንዴት እንደሚውል ማስረዳት ነው። በዚህ ረገድ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እጅግ ጥቂት በመሆኑ አዘጋጁ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ዐረፍተ ነገሮቻቸውም በአብዛኛው የተስተካከሉና የሚነበቡ ናቸው። ይሁን እንጂ ከስያሜዎቻቸው አንዳንዶቹ አንባቢን የሚያሳስቱ፣ ከእነዚህም አንዱ ገንዘብ የሚያስወጣ ወይም ጭራሹን ሥራ የሚያስቀር ሆኖ ስላገኘነው ጉዳዩን በዚህ መጽሔት ልናነሣው ወደድን።

ሂሱን ለመከታተል የነገሩን አሠራር በአጭሩ ማወቅ ያሻል። አንድ ፕሮቲን በውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ለማጥናት የእያንዳንዱ አቶም ቦታና ፍጥነት በኮምፒዩተር ይመዘገባል፤ ሌሎቹ አቶሞች የሚስቡትና የሚገፉት መጠን ይሰላል፤ ከዚያም አቶሙ በኒውተን ሕግ መሠረት ጥቂት እንዲራመድ ይደረጋል። እርምጃው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ፌምቶ ሰከንድ አይበልጥም። ስለዚህ የሰከንድን አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ለማየት ስሌቱ 500 ሚሊዮን ጊዜ መደገም አለበት። አኒሱር ራህማን እ.ኤ.አ. በ1964 የ864 የአርገን አቶሞችን እንቅስቃሴ ባሰሉ ጊዜም ሆነ፣ ማካመን፣ ጌሊንና ካርፕለስ እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን የፕሮቲን እንቅስቃሴ ከ10 ፒኮ ሰከንድ ለሚያንስ ጊዜ በተከታተሉ ጊዜ፣ ዋናው እንቅፋት ይኸው የድግግሞሽ ብዛት ነበር።

የግራፊክስ ካርድ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ካርዱ የተሠራው በመስኮቱ ላይ የሚታየውን ሥዕል እያንዳንዱን ነጥብ ለየብቻ፣ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማስላት ነው። የአንዱን አቶም ስበትና ግፊት ለማስላትም የጎረቤቱ ስሌት እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ስለሆነም ፎልዲንግ አት ሆም የተባለው የበጎ ፈቃደኞች የስሌት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2006 ከሰው ቤት የጨዋታ ካርዶች መጠቀም ጀመረ፤ በተከታዩ ዓመት ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ኩዳ የሚለውን የፕሮግራም መሣሪያ አወጣ፤ ናምድ፣ አምበርና ግሮማክስ የተባሉት የሙያው ፕሮግራሞችም በየተራ ተከተሉ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ከዚህ ሁሉ የቀደመ በመሆኑ፣ የጥራዙ አዘጋጅ ስያሜ የፈጠሩት መንገድ በሌለበት ነው። ይህን ስንተቻቸው አንዘነጋም።

ከቀላሉ እንጀምር። ጥራዙ ካርዱን «ሥዕላዊ ሰሌዳ» ይለዋል። ሰሌዳ ሲባል ለአማርኛ አንባቢ የሚታየው የመማሪያ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ወይም የመኪና ታርጋ ነው። ሻጩም፣ ጠጋኙም፣ ጨዋታ ወዳዱ ወጣትም «ግራፊክስ ካርድ» ይሉታል፤ ዕቃውን ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሥዕላዊ ሰሌዳ ብሎ ቢጠይቅ ባዶ እጁን ይመለሳል። የተዋሰው ቃል እንዲቀር እንመክራለን።

ሁለተኛው «ማስመሰል» የሚለው ነው፤ ጥራዙ የኮምፒዩተሩን ሥራ በሙሉ በዚህ ቃል ይጠራዋል። የቃሉ ሥር መሰለ መሆኑ ትክክል ነው። ነገር ግን አስመሰለ ከተባለ በኋላ አስመሳይ ይከተላል፤ አስመሳይ ደግሞ በማንም ጆሮ ሳይንቲስት አይደለም። የሞለኪውልን እንቅስቃሴ ያስመሰለ ተመራማሪ ያላየውን አይቻለሁ ያለ ይመስላል። ከዚሁ ሥር የተገኙት ምስል፣ ምሳሌ፣ አምሳልና ተምሳሌት ግን ነቀፋ የለባቸውም። ይልቁንም የሕግ ትምህርት ቤቶች «ምስለ ችሎት» የሚለውን አለምደው፣ ተማሪዎች እንደ እውነተኛ ፍርድ ቤት የሚከራከሩበትን ልምምድ ማንም ሳይስቅበት ይጠሩበታል። የግእዙ ዘርፍ አያያዝ እዚህ ላይ ጥሩ ሥራ ይሠራል። በድሮው አስተዳደር የገዢው ወኪል ምስለኔ ይባል እንደነበር ያስታወሰ ሰውም፣ ቃሉ «እኔን መስሎ፣ በእኔ ቦታ ቆሞ የሚሠራ» የሚል ስሜት እንዳለው ይረዳል፤ የኮምፒዩተሩ ፕሮቲንም በእውነተኛው ፕሮቲን ቦታ የቆመ ምስለኔ ነው። «የሞለኪውል ምስለ እንቅስቃሴ» ብንል ሐሳቡ ሳይጎድል ነቀፋው ይወገዳል።

«ትይዩ ስሌት» የሚለው ብዙ አያከራክርም፤ በጂኦሜትሪ መጻሕፍት የተለመደ ነውና። ሆኖም ትይዩ በዕለት ንግግር ፊት ለፊት ማለት መሆኑን፣ በጂኦሜትሪም የማይገናኙ መስመሮችን እንደሚያመለክት ልብ ይሏል። በካርዱ ላይ ያሉት አስሊዎች ግን ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ መገናኘት ግዴታቸው ነው፤ አንዱ ቢዘገይ ሌሎቹ ይጠብቁታል። ይህ ከደቦ አጨዳ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁሉም የየራሱን ይዞ ያጭዳል፣ ወደሚቀጥለው ማሳ ግን አብረው ነው የሚሻገሩት። ደቦን ስያሜ እናድርገው አንልም፤ ለማስረጃ ግን ከትይዩ ይልቅ ይረዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ። ኮምፒዩተር ቁጥርን የሚይዝባቸው ሁለት የተለመዱ መጠኖች አሉ። አንደኛው 32 ቢት ሲሆን ሰባት ያህል አኃዝ ይይዛል፤ ሁለተኛው 64 ቢት ሲሆን ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስድስት አኃዝ ይይዛል። ጥራዙ የመጀመሪያውን «ነጠላ ትክክለኛነት»፣ ሁለተኛውን «ድርብ ትክክለኛነት» ብሎታል። በሌላ ገጽ ደግሞ ውጤቱ ከተፈጥሮ ጋር መስማማቱን ያንኑ «ትክክለኛነት» በሚለው ቃል ይጠራዋል። እነዚህ ሁለት ነገሮች ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። በፒያሳ ወርቅ ቤት ቆሞ ሚዛን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሚዛኑ የግራምን መቶኛ ያሳያል፣ ነገር ግን ከመመዘኑ በፊት ዜሮ ላይ ካልተስተካከለ የሚያሳየው ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው አኃዝ ድረስ፣ ሐሰት ነው።

ጥፋቱ በመጽሐፍ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ለጨዋታ የሚሸጡት ካርዶች በ32 ቢት ስሌት ፈጣን፣ በ64 ቢት ስሌት ግን ሆን ተብሎ ደካማ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂፎርስ አርቲኤክስ 3090 በ64 ቢት የሚሠራው በ32 ቢት ከሚሠራው ፍጥነት አንድ ስድሳ አራተኛውን ነው። ጥራዙን ያነበበ ተማሪ ወይም የዕቃ ግዢ ኃላፊ «ነጠላ ትክክለኛነት» የሚለውን «ግማሽ እውነት» ብሎ መረዳቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ወይ ዋጋው በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን የማእከላዊ ስሌት ካርድ በውጭ ምንዛሪ ካላስመጣሁ ይላል፣ ወይም ሥራውን ይተወዋል። እኛ ራሳችን ጥራዙን ይዞ የመጣውን ወጣት ስናነጋግር ያሰበው ይኸንኑ ሆኖ አግኝተነዋል።

እውነታው ግን ሌላ ነው። በ32 ቢት አንድ መቶ ሚሊዮን ላይ አንድ ቢደመር ውጤቱ ያው አንድ መቶ ሚሊዮን ነው፤ ትንሹ ቁጥር ጠፍቶ ይቀራል። እንዲህ ያለው መጥፋት በ500 ሚሊዮን እርምጃ ሲደጋገም የሥርዓቱ ጠቅላላ ኃይል ቀስ በቀስ ከቦታው እንዲንሸራተት ያደርጋል። የፕሮግራሞቹ ጸሐፊዎች ይህን ስለሚያውቁ ብዙውንና ከባዱን ስሌት፣ ይኸውም በየሁለቱ አቶሞች መካከል ያለውን፣ በ32 ቢት ይሠሩና መደመሩን ብቻ ሰፋ ባለ መያዣ ያከናውናሉ። አምበር ድምሩን በ64 ቢት ሙሉ ቁጥር መልክ ይይዛል፤ ግሮማክስም በተለመደው አሠራሩ ሁለቱን መጠኖች ይቀላቅላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዋናው ስሕተት ከአኃዙ ብዛት ሳይሆን አቶሞቹ ይሳሳባሉ ከተባለበት ቀመርና ከምልከታው ማጠር የሚመጣ ነው፤ እርሱን ደግሞ ውዱም ካርድ አያርመውም።

ስለዚህ እዚህ ላይ የሚነገረው ስለ ቁጥሩ መያዣ ርዝመት እንጂ ስለ እውነተኛነቱ አይደለም። «ባለ ነጠላ ርዝመት ቁጥር» እና «ባለ ድርብ ርዝመት ቁጥር» ቢባል ነገሩ በትክክል ይገለጻል፤ «ትክክለኛነት» ደግሞ ከተፈጥሮ ጋር ለመስማማት ብቻ ይቆይ። በቤተ ሙከራ አንድን ነገር ደጋግሞ ሲለኩ ውጤቶቹ የሚቀራረቡበት መጠን ሦስተኛ ሐሳብ ስለሆነ ለብቻው ስያሜ ይፈልጋል፤ ርዝመት ለእርሱ አይሆንም።

በመጨረሻ ስለ «ኃይል መስክ» ጥቂት እንበል። ጥራዙ ለሚገፋውና ለሚስበው ነገርም፣ በሥርዓቱ ውስጥ ለተከማቸውም «ኃይል» የሚለውን አንድ ቃል ተጠቅሟል። የመጀመሪያው የሚገኘው ሁለተኛው ከቦታ ቦታ ከሚለዋወጥበት ልክ ነው፤ ይህን መሠረታዊ ሕግ በጥራዙ ስያሜዎች ብንጽፈው «ኃይል የሚገኘው ኃይል ከቦታ ቦታ ከሚለዋወጥበት ልክ ነው» ይሆናል፤ ተማሪ ይህን ቢሸመድድ እንጂ ሊረዳው አይችልም። መብራት ኃይል የሚለው ስም ኃይልን በሕዝቡ አፍ ከሚመነጨውና ከሚከማቸው ጋር ስላቆራኘው፣ ለገፊውና ለሳቢው «ጉልበት» ቢሰጥ እንመርጣለን። «መስክ» የሚለውም መተርጎሙ እንጂ መስማማቱ አልታየም፤ በዚህ ሙያ የሚጠራው ነገር በኅዋ ላይ የተዘረጋ መስክ ሳይሆን የቀመሮችና የቁጥሮች ስብስብ ነው። «የጉልበት ቀመር» ቢባል ይበቃል፤ የፊዚክስ መምህራን ጉልበትን ለሌላ ያዋሉበት ቦታ ካለ ግን ከሚቀጥለው እትም በፊት ቢያሳውቁን ስያሜውን ለመለወጥ ዝግጁዎች ነን።