ደንብ መቁጠርና አደጋን ማወቅ፦ ስለ ተነካሪ ማሞቂያ አተካከል የተዘጋጀ የማሠልጠኛ ጽሑፍ ሲመዘን

መግቢያ

በሙያ ትምህርት ዘርፍ የሚዘጋጁ የማሠልጠኛ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘኑት በውስጣቸው የሰፈረው ቃል ትክክል መሆኑን በማረጋገጥ ነው። ይህ ዓይነቱ ምርመራ አስፈላጊ ቢሆንም በቂ ነው ለማለት አይቻልም። አንድ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዳችም ስሕተት ሳይገኝበት ሠልጣኙን ለአደጋ አጋልጦ ሊተወው ይችላል። ለዚህ አባባል ማስረጃ ይሆን ዘንድ በዚህ ሐተታ የሚመረመረው ለቴክኒክ መምህራን የተዘጋጀ አንድ አነስተኛ የማሠልጠኛ ጽሑፍ ነው። ርእሱም ብረት የሚበላ ፈሳሽ በያዘ ገንዳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ስለ መትከል ነው። ጽሑፉን መርምረው ለሥራ ካሳለፉት መካከል ይህ ጸሐፊ አንዱ ስለ ነበር፣ ከዚህ በታች የሚቀርበው ትችት በቅድሚያ የሚመለከተው ራሱን ነው።

የመሣሪያው ጠባይ

በፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ የሚያሞቀው ይህ መሣሪያ፣ ከዚህ በኋላ ተነካሪ ማሞቂያ የምንለው፣ በየቤቱ በባልዲ ውስጥ ተነክሮ ውሃ ከሚሞቅበት መሣሪያ በመሠረቱ አይለይም። የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ ሽቦ በቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ በሽቦውና በቱቦው መካከል ያለውን ክፍተት ሙቀትን የሚያስተላልፍ፣ ኤሌክትሪክን ግን የሚያግድ የማግኒዚየም ኦክሳይድ ዱቄት ይሞላዋል። ልዩነቱ በፈሳሹ ላይ ነው። ለምሳሌ ብረትን በኒኬል ለመለበጥ በሰፊው የሚሠራበትና እ.ኤ.አ. በ1916 ባስተዋወቀው በኦሊቨር ዋትስ ስም የሚጠራው ፈሳሽ ኒኬል ሰልፌት፣ ኒኬል ክሎራይድና ቦሪክ አሲድ የያዘ ሲሆን፣ ሥራው የሚካሄደው ከ45 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። እንዲህ ያለውን ፈሳሽ የሚይዘው ገንዳም አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው።

ጽሑፉ የሚያስተምረው

ጽሑፉ 12 ደንቦችን በተርታ ያቀርባል። ለፈሳሹ ተስማሚ ቱቦ ይመረጥ፤ የሚግለው ክፍል በሙሉ ከፈሳሹ በታች ይሁን፤ ማሞቂያው የገንዳውን ግድግዳና ከሥር የሚጠራቀመውን ዝቃጭ አይንካ፤ የመሬት ሽቦ ይታሰር፤ ገንዳው ሳይሞላ ማብሪያው አይከፈት፤ የቀሩትም ይህንኑ የመሰሉ ናቸው። እያንዳንዱ ደንብ ትክክል ነው። እኛም ያጸደቅነው ስለዚሁ ነበር።

ይሁንና ይህ ጸሐፊ የሠልጣኞችን የተግባር ትምህርት ለመከታተል በተገኘበት አንድ ወርክሾፕ ያየው ነገር ሐሳቡን አስለወጠው። ሠልጣኞቹ 12ቱን ደንቦች አንድም ሳያስቀሩ በቃላቸው ዘረዘሩ፤ ማሞቂያውንም ያለ እንከን ተከሉ። ፈሳሹ ከሚግለው ክፍል በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ነበር። «ይህ ገንዳ ሳይጠፋ ቢያድር፣ ነገ ጠዋት ፈሳሹ የት ላይ ይገኛል?» ተብለው ሲጠየቁ ግን ሁሉም ዝም አሉ። በመጨረሻ አንደኛው፣ «መምህር፣ እሱ በጽሑፉ ውስጥ የለም» አለ። ወደ ጽሑፉ ተመልሶ ለተመለከተ ሰው ሠልጣኙ የተናገረው እውነት ሆኖ ይገኛል።

የጽሑፉ ጉድለቶች

የመጀመሪያው ጉድለት የደንቦቹ ቅደም ተከተል የተካዩን እጅ እንጂ የአደጋውን አካሄድ አለመከተሉ ነው። ጽሑፉ የሚያበቃው ማብሪያው ሲከፈት ነው፤ አደጋው ግን የሚጀምረው ተካዩ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው። ክዳን የሌለው ሙቅ ገንዳ ይተናል። ፈሳሹ ዝቅ ሲል የሚግለው ክፍል አየር ላይ ይወጣል። አየር እንደ ፈሳሽ ሙቀትን ከቱቦው ፈጥኖ ሊወስድ ስለማይችል ቱቦው እስከ መቅላት ይግላል። የፕላስቲክ ገንዳ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቀልጥ፣ ከተቀጣጠለም በኃይል የሚነድ ነገር ነው። በልባጥ ፋብሪካዎች ለሚደርስ ቃጠሎ በሚገባ ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ሠልጣኙ ቴርሞስታት ይጠብቀኛል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ነገር ግን ቴርሞስታት የሚለካው የፈሳሹን ሙቀት እንጂ የቱቦውን አይደለም። ቱቦው አየር ላይ ወጥቶ ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ፣ ቴርሞስታቱ የተሰጠውን ሥራ በታማኝነት በመፈጸም ተጨማሪ ሙቀት ያዝዛል። መሣሪያው ሳይበላሽ አደጋውን ያባብሳል ማለት ነው። ጽሑፉ ግን ቴርሞስታትን ከአደጋ መከላከያ መሣሪያዎች ተራ አስገብቶታል።

ሁለተኛው ጉድለት «ተስማሚ ቱቦ ይመረጥ» ብሎ ምክንያቱን ማስቀረቱ ነው። የማይዝግ ብረት ስሙ እንደሚያመለክተው ለሁሉም ፈሳሽ የማይበገር አይደለም፤ ክሎራይድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ በመርፌ የተወጋ ያህል እየተበሳሳ ይሄዳል። ቲታኒየም ለኒኬል ልባጥ ይስማማል፤ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ባለበት ግን ይበላል። ኳርትዝም ይህንኑ አሲድ አይችልም፤ በዚያም ላይ ተሰባሪ ነው። ምርጫው በስሕተት ሲፈጸም ቱቦው ይበሳል፤ ፈሳሹ ወደ ዱቄቱ ይገባል፤ ኤሌክትሪኩም ወደ ፈሳሹ ያፈተልካል። ገንዳው ፕላስቲክ ሲሆንና አስተማማኝ የመሬት መስመር ሲታጣ ያፈተለከው ኤሌክትሪክ መውጫ የሚያገኘው እጁን በሚነክረው ሠራተኛ በኩል ነው። ሠልጣኙ ይህን ሰንሰለት ቢያውቅ ኖሮ ስለ ቱቦው የተነገረውና ስለ መሬት ሽቦው የተነገረው ደንብ የአንድ ነገር ሁለት ገጽታ መሆናቸውን በተረዳ ነበር።

ሦስተኛው ጉድለት በጽሑፉ ውስጥ አንድም ስሌት አለመኖሩ ነው። 500 ሊትር ውሃን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 23 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። በ3 ኪሎ ዋት ማሞቂያ ይህ ወደ 8 ሰዓት ይወስዳል፤ በየአቅጣጫው የሚባክነው ሙቀት ሲታከል ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ይህን የሚያውቅ አሠልጣኝ ወርክሾፖች ማሞቂያውን ማታ ከፍተው የሚሄዱበትን ምክንያት ወዲያው ይገነዘባል፤ ጠዋት ሥራ እንዲጀመር ገንዳው ሌሊቱን ጠባቂ በሌለበት መሞቅ ይኖርበታል። እንደዚሁም 3000 ዋት በ600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ ሲያልፍ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 5 ዋት ይደርሳል። ቴፍሎን ግን ሙቀትን በቀላሉ ስለማያስተላልፍ ጭነቱ መቀነስ ይኖርበታል። ወደ 1.5 ዋት ዝቅ እንዲል ከተፈለገ 2000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገጽ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዱን ቱቦ በሌላው መተካት የቁስ ለውጥ ብቻ ሳይሆን የመጠንም ለውጥ ነው።

አራተኛው ጉድለት የፈተናው ነው። በምዕራፉ መጨረሻ የቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ «ዘርዝር» የሚል ትእዛዝ የያዙ ናቸው። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት የትምህርት ዓላማዎች አመዳደብ የማስታወስ ችሎታ የመጀመሪያው ደረጃ እንጂ መድረሻ አይደለም። ፈተናው ከዚያ ካላለፈ ትምህርቱም አያልፍም።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት 12ቱ ደንቦች መሠረዝ የለባቸውም፤ ነገር ግን በሦስት ጥያቄዎች ሥር መደልደል ይገባቸዋል። ፈሳሹ ቱቦውን ምን ያደርገዋል? የሚመነጨው ሙቀት ወዴት ይሄዳል? ይህ መከላከያ ቢከሽፍ ከኋላው ምን አለ? ሦስተኛው ጥያቄ ሠልጣኙን በራሱ አስተሳሰብ ወደሚከተሉት ያደርሰዋል፦ ፈሳሹ ሲጎድል ኃይል የሚያቋርጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ፣ ከቴርሞስታቱ ተለይቶ የቱቦውን መጋል የሚጠብቅና በእጅ ካልተመለሰ የማይከፈት ማቋረጫ፣ እንዲሁም ከመሬት ሽቦው ጋር 30 ሚሊ አምፔር የሚያህል ፍትለካ ሲደርስበት የሚያቋርጥ መከላከያ። ፈተናውም ጉድለት ያለበትን የአተካከል ሥዕል አቅርቦ «በዚህ ገንዳ በሌሊት ምን ሊደርስ ይችላል? ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ ይመረጣል።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርበው ማሳሰቢያ አጭር ነው። የማሞቂያ ግዥ ሲታቀድ ከላይ የተጠቀሱት መከላከያዎች በዚያው ዝርዝር ውስጥ ይካተቱ፤ «በሚቀጥለው በጀት» አይባሉ። መከላከያዎቹ እስኪሟሉ ድረስ ማሞቂያው አሠልጣኝ በአጠገቡ በሌለበት ሰዓት እንዳይከፈት መደረግ ይኖርበታል። ይህ የሥራ ሰዓት ያባክናል፤ ሰው ግን አያጠፋም።

ማጠቃለያ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ብሂል ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅጠሉን በጊዜው የሚያነሣው ግን እሳቱ ከየት እንደሚነሣ የሚያውቅ ሰው ነው። በዚያ ወርክሾፕ «በጽሑፉ ውስጥ የለም» ያለው ሠልጣኝ ዛሬ መምህር ሆኖ ሌሎችን የሚያስተምርበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ያላስተማርነውን ሊያስተምር አይችልምና፣ ጽሑፉን ያጸደቅን ሰዎች እርማቱን የማዘጋጀት ግዴታ አለብን።