የላጤዎች ጨዋታ በዒድ ሰሞን

 

ዒድ በደረሰ ቁጥር፣ ከቤታችሁ አንዱ ጥግ ስልኩን ይዞ ብቻውን የሚስቅ ወጣት ሳታዩ አልቀራችሁም። ሶላቱ ተሰግዷል፤ ዘመድ ተዘይሯል፤ ሥጋው ተበልቶ ቡናው እየተፈላ ነው። እሱ ግን ከጓደኞቹ ጋር ወግ ይዟል። ጓደኞቹም እንደሱው ያላገቡ ናቸው። አንዱ የዒድ ጀለቢያውን የሚተኩስለት አጥቶ ፍራሽ ሥር አንጥፎ እንደተኛበት ያወራል። ሌላው ባለትዳር ጓደኞቹን በየቤታቸው እየዞረ ሦስት ጊዜ ምሳ በልቶ፣ አራተኛው በር ላይ ሆዱ እምቢ እንዳለው ይናገራል። አንዷ እህት ደግሞ አክስቶቿ «መቼ ነው የምትዳሪው?» ያሏትን ብዛት ከጠዋት ጀምራ ትቆጥራለች። በዓሉ ከቅዳሜና እሑድ ጋር ከተያያዘማ ጨዋታው ሁለት ሦስት ቀን ይዘልቃል።

ይህን ጨዋታ እንደ ማንኛውም ንግግር ልንመዝነው ይገባል። «ከንቱ ወሬ ነው» ብለው በሩን ከጅምሩ የሚዘጉ አሉ። «ቀልድ ነው፣ ምን አለበት?» ብለው የሚያልፉትም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ምን እንደተባለ ሳይሰሙ ነው የሚፈርዱት። ወንዶችና ሴቶች ተቀላቅለው መጫወታቸውን በተመለከተ ዑለማዎቻችን የተናገሩትን አንባቢ ስለሚያውቀው አልደግመውም። እኔ የምጠይቀው ስለ ጨዋታው ይዘት ነው።

በመጀመሪያ ለጨዋታው የሚገባውን መብት እንስጠው። በዒድ ቀን ደስ መሰኘት ሱንና ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በዒድ ቀን በጦርና በጋሻ ይጫወቱ የነበሩት ሐበሾች መሆናቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከመልእክተኛው ትከሻ ጀርባ ሆነው እስኪደክማቸው ድረስ ተመልክተዋል፤ እሳቸውም «ይበቃሻል» ብለው አላቻኮሏቸውም። እንግዲህ የዒድን ጨዋታ በማጥላላት ከአገራችን ሰዎች ቀድሞ መሰለፍ ለኛ አይመጥነንም። ደግሞም ይህ የዕረፍት ቀን በነጻ የተገኘ አይደለም። አባቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ በዓሎቻችን እንደ በዓል ይቆጠሩልን የሚል ነበር። ዛሬ ወጣቱ ጋደም ብሎ የሚቀልድበት ቀን ያ ቀን ነው። ይቀልድበት!

ነገር ግን ቀልድ ሁሉ አንድ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ ነበር፤ ሲቀልዱም ከእውነት አይወጡም ነበር። በዚህ ሚዛን ብናየው የጀለቢያው ወግ ጥሩ ቀልድ ነው። ተናጋሪው የሚስቀው በራሱ ነው፤ የተናገረውም የብዙ ወንደላጤ እውነተኛ ኑሮ ነው። የአክስቶቹ ቆጠራ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ልጅቱ ማንንም አልሰደበችም። ቁጥር ብቻ ነው የተናገረችው፤ ሰሚው ግን ስንቱን ነገር ይረዳል።

ወደ ደካሞቹ እንምጣ። ገና አንዲት ያላገባ ወንድም «እኔስ አራቱንም አሟላለሁ» ሲል በየዒዱ ይሳቅለታል። ይህ ቀልድ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ አርጅቷል፤ ያለፈው ዒድም ያቻምናውም ዒድ ላይ ተብሏል። ሁለተኛውና ዋናው ጉድለት ግን የሱረቱ አን-ኒሳእን አንቀጽ ቆርጦ መውሰዱ ነው። ቁጥሩን ያነሳል፤ ከቁጥሩ ጋር የታሰረውን የፍትሕ ግዴታ ይጥላል። ያን ግዴታ ጨምሮ ቢያወራ ኖሮ ቀልዱ ወደ ራሱ በዞረ ነበር፤ የአንዷን ቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው ሰው በአራት ቤት መካከል እኩል ለማከፋፈል ሲሞክር መገመት በእርግጥም ያስቃል። አሁን ግን የሚሳቀው በሰሚዎቹ እህቶች ላይ ነው፤ እነሱም ፈገግታ የምትመስል ምልክት ልከው ዝም ይላሉ።

ከዚህ የከፋው «ቆማ ቀረች» የሚለው ነው። ልብ በሉ፤ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሞላው ወንድ የወጉ ጀግና ነው። ያንኑ ዕድሜ የያዘች እህት ግን ራሷ መሳቂያ ናት። የሱ ላጤነት የማብሰል ችግር ተደርጎ ይወራል፤ የሷ ላጤነት የገበያ ወሬ ይመስል ጊዜው አለፈበት ይባላል። ሱረቱ አል-ሑጁራት ማላገጥን ሲከለክል ወንዶች በወንዶች እንዳይሳለቁ ከተናገረ በኋላ ሴቶችንም ለብቻ ጠርቶ ያነሳል። ለብቻ መጠራታቸው ያለ ነገር አይደለም። «ቆማ ቀረች» የሚለውን ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚወረውሩት ቀድመው የተዳሩት እህቶች ናቸውና።

የነዚህ ቀልዶች ሁሉ ሥር አንድ ጥያቄ ነው፦ «ለምን አላገባህም? ለምን አላገባሽም?» የሚለው። ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀውታል። እንዴት እንደጠየቁት ግን ጠጋ ብለን እንመልከት።

ጃቢር ኢብን ዐብደላህ (ረ.ዐ) ወጣት ነበሩ። ከአንድ ዘመቻ ሲመለሱ ግመላቸው ደክማባቸው ከጭፍራው ኋላ ቀሩ። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ደርሰው ግመሏን ነካ አደረጓት፤ ከዚያ በኋላ ማን ይያዛት! በመንገድ ላይ ወግ ተጀመረ። ማግባታቸውን ጠየቋቸው፤ አግብቻለሁ አሉ። ልጃገረድ ናት ወይስ ቀድሞ ያገባች? ቀድሞ ያገባች። ታዲያ አንተም የምትጫወትባት፣ እሷም የምትጫወትብህ ልጃገረድ ለምን አላገባህም አሏቸው። ጨዋታውን ተመልከቱ፤ ሁለት መንገደኞች ስለ ትዳር እየተጫወቱ ነው። ዛሬ ወጣቶቻችን በዒድ ማታ ከሚያወሩት ብዙም አይርቅም።

የጃቢር መልስ ግን ቀልድ አልነበረም። አባታቸው በኡሑድ ዘመቻ ተሰውተዋል። የተዉት ንብረት ሳይሆን ብዙ ሴት ልጆች ነው፤ በዘገባዎቹ ሰባትም ዘጠኝም ተብሏል። በነሱ ላይ እንደነሱው ልጅ የሆነች ከማመጣ፣ ፀጉራቸውን የምታበጥርላቸውን፣ የምትይዛቸውን ሴት መረጥኩ አሉ። መልእክተኛውም (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ቀልዱን አልገፉበትም። መልካም አድርገሃል ብለው ዱዓ አደረጉላቸው። በዚህም አላበቃም። በዚያው ጉዞ ላይ ግመሏን ሽጥልኝ ብለው ተዋዋሉ። መዲና ሲደርሱ ቢላል ዋጋውን መዝኖ፣ ጨምሮም ሰጣቸው። ከዚያ መልእክተኛው ግመሏንም ገንዘቡንም ይዘህ ሂድ አሏቸው።

ከዚህ ወግ የምንወስደው ብዙ ነው፤ እኔ አንዱን ብቻ ላንሳ። ጠያቂው ከጠየቁ በኋላ መልሱን ሰምተዋል። መልሱ ውስጥ የነበረውን ሸክም አይተዋል። ቀጥሎም እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰድደዋል፤ ያውም ሰውየው ምጽዋት የተቀበለ ሳይመስለው፣ ነጋዴ አድርገው።

የኛስ አክስቶች? የኛስ ጓደኞች? «መቼ ነው?» ብለን ጠይቀን መልሱ ሳይመጣ ወደሚቀጥለው ቡና እናልፋለን። መልሱ ቢመጣ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ታውቃላችሁ? ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ ወጥተው በሪያድ፣ በቤይሩት፣ በዱባይ በሰው ቤት ሲሠሩ የኖሩ እህቶቻችንን አስቡ። ዒድ ለነሱ የሥራ ጫና የሚበዛበት ቀን ነው፤ የአሠሪዎቻቸው እንግዳ ይጎርፋል፣ ሳህኑ አያልቅም። ወደ ላጤዎቹ ጨዋታ የሚገቡት ሌሊት፣ ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። በላኩት ገንዘብ ታናሽ ወንድም ተምሯል፤ የእናት ጎጆ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ታናሽ እህት ተድራለች። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዐረቢያ ተጠርዘው ሲመለሱ፣ ከመካከላቸው በሃያ ዓመቷ ሄዳ በሠላሳዋ የመጣችው ጥቂት አልነበረችም። ይህች እህት ያደረገችው ጃቢር ካደረጉት በምን ይለያል? እሳቸው ለእህቶቻቸው ሲሉ የትዳር ምርጫቸውን ለወጡ፤ እሷ ለወንድምና ለእህቶቿ ሲባል ትዳሯን አዘገየች። እሳቸው ዱዓና ግመል አገኙ። እሷ ያገኘችው «ቆማ ቀረች» የሚል ነው፤ አንዳንዴም ባስተማረችው ወንድሟ ሚስት አፍ።

እዚህ ላይ «ታዲያ ያላገባ ሁሉ ጃቢር ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። አቅሙም ዕድሜውም ደርሶ፣ ኃላፊነት ሸሽቶ ከዒድ ዒድ በቀልድ የሚሻገር ወንድም አለ፤ ለሱ ቀልዱ መደበቂያ ነው። ከራሱ ላይ የሚሰነዝረው ሳቅም ቢሆን ቆይቶ ቆይቶ ሰበብ ይሆናል። ነገር ግን ይህንና ያንን ለመለየት መጠየቅ፣ ጠይቆም መስማት ያስፈልጋል።

ሌላም መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ሱረቱ አን-ኑር ላይ ስለ ላጤዎች የመጣው ትእዛዝ ለማን እንደተነገረ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ለላጤው አይደለም። በዙሪያው ላለው ሰው ነው። በአማርኛችን «አግቡ» እና «አጋቡ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ በዚያች አንቀጽ የመጣው ግን ሁለተኛው ነው። በመካከላችሁ ያሉትን ትዳር የሌላቸውን አጋቡ ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ አንቀጽ መሠረት «መቼ ነው?» ተብሎ መጠየቅ ያለበት ማን ነው? በዒድ ምሳ ላይ የሚጠይቁት አጎቶችና አክስቶች ጥያቄውን የሚያዞሩት ለራሳቸው ከተነገረው ትእዛዝ ነው።

ትእዛዙን ከባድ ያደረግነውም እኛው ነን። መህር የሴቷ መብት ነው፤ ማንም ሊቀንስባት አይገባም፣ እሷ ፈቅዳ ካልተወች በቀር። በወጣቱ ላይ ተራራ የሆነው ግን ብዙውን ጊዜ መህሩ ሳይሆን በዙሪያው የተከመረው ነው፦ ጥሎሹ፣ አዳራሹ፣ የመኪና አጀቡ፣ ቪዲዮው፣ ከሠርጉ ቀጥሎ ደግሞ መልሱ። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ማግባታቸውን መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ያወቁት ልብሳቸው ላይ የሽቶ ቢጫ ምልክት አይተው ጠይቀው ነው። በዚያች ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ከታላላቅ ሶሓቦች አንዱ ሲያገባ፣ ነቢዩ እንኳ አልተጠሩም! በአንድ በግም ቢሆን ወሊማ አድርግ አሏቸው እንጂ ለምን አልጠራኸኝም አላሏቸውም። በኛ ዘመን አንድ የሩቅ ዘመድ ካልተጠራ ስንት ዓመት ኩርፊያ ይከተላል? «የማን ዘር ነው?» ተብሎ በዲኑም በጠባዩም እንከን ያልተገኘበት ወንድም የተመለሰበትን በርማ እናንተ ቁጠሩት።

ስለዚህ በበኩሌ የላጤዎቹን ጨዋታ ዝም በል የሚል ሰው ቢመጣ አልደግፈውም። ጨዋታው ሌላ ቦታ የማይነገር ነገር የሚነገርበት ሆኗል። ድሮ ለዚህ የሚሆን ቦታ ነበረ። በሐረር የሸዋልን ስድስት ቀናት ጾም ተከትሎ ለሦስት ቀን የሚከበረው ሹዋሊድ፣ በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው በዓል፣ ወጣቶች የወደፊት የትዳር ጓደኛቸውን የሚያዩበት አጋጣሚ እንደነበር ይነገርለታል። በአከባበሩ ላይ ጥያቄ የሚያነሱ አሉ፤ ያን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው፦ ያ መተያየት አዛውንት ባሉበት፣ ከተማው ሁሉ እያየ መሆኑ። የዛሬው ጨዋታ ግን አንድም አዛውንት የለበትም። ላጤ ለላጤ ያወራል፤ ሸምግሎ የሚልክለት፣ ዋስ የሚሆንለት፣ ቤት ኪራይ የሚያግዘው ሰው አይሰማውም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ዐረቦች በሸዋል ማግባትን እንደ መጥፎ ገድ ይቆጥሩ በነበረበት ዘመን፣ የራሳቸው ትዳር በሸዋል መሆኑን በኩራት ይናገሩ ነበር። ዛሬ ሸዋልን የሚፈራው ጎረምሳ የሚፈራው ገዱን ሳይሆን የአዳራሹን ቀብድ ነው።

ከሸዋል መባቻ እስከ ዙልሒጃ አሥረኛው ቀን ሁለት ወር ከአሥር ቀን ገደማ ነው። በዚያን ቀን ወጣቶቹ እንደገና ስልካቸውን ያወጣሉ፤ የሚያብለው በግ ለአንድ ሰው እንደሚበዛበት የሚቀልድ አይጠፋም፤ አራቱን የሚቆጥረውም ይመለሳል። አክስትም ቡናዋን ይዛ ትመጣለች። እህታችን ደግሞ ቆጠራውን ከአንድ ትጀምራለች።